አባባና ዓይነ ስውራኑ ጃፓናውያን

ሰኞ
ዛሬ ክላስ ውስጥ እጄን አወጣሁ። ሴሚስተሩ ከተጀመረ የመጀመሪያዬ ነው። በአርባ ስድስት ዓመቴ እዚህ በሰው አገር ነርስነት ልማር ብዬ ስመዘገብ አንድ የታሪክ ኮርስም ውሰጂ አሉኝ። ከሥራ ሰዓቴ ጋር የገጠመው የድሮዋ ጃፓን ታሪክ ብቻ ነበር።

መምህርቷ ስለ ዓይነ ስውር ተራኪዎች አስተማረችን። ባለ ክር መሣሪያቸውን እየመቱ፣ በየመንገዱና በየቤተ መቅደሱ የሁለት ጎሳዎችን ጦርነት በቃላቸው ይተርኩ ነበር። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ታሪኩን የሰማው ከእነሱ አፍ ነው። አንድ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ «እነሱም ያልተማሩ ነበሩ ማለት ነው» አለ።

አላስቻለኝም። አባቴም ዓይነ ስውር ናቸው፣ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያውቃሉ፣ ያልተማሩ ግን አይደሉም አልኩ። እንግሊዝኛዬ ተንተባተበ። መምህርቷ ግን የሐሙሱን ፕሬዘንቴሽንሽን በዚሁ ላይ አድርጊው፣ አባትሽም ፈቃዳቸው ከሆነ ይምጡ አለችኝ።

ምን ውስጥ ነው የገባሁት?

ማክሰኞ
አረጋውያን ከምንከባከብበት ነርሲንግ ሆም ከሥራ እንደተመለስኩ ለአባባ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ «መምህር ነበራቸው?» ብለው ነው። አዎ፣ ከመምህር እግር ሥር ዓመታት ይቀመጡ ነበር አልኳቸው። «እንግዲያው ተምረዋል» አሉ። አለቀ።

ከዚያ ስለ ራሳቸው ነገሩኝ፣ እኔም ጻፍኩ። በአምስት ዓመታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወሰደው። አጎታቸው እጃቸውን ይዘው ጎጃም ውስጥ አንድ የኔታ ዘንድ አደረሷቸው። የኔታ አንድ ሐረግ ይሏቸዋል፣ እሳቸው ይደግማሉ። የትናንቱን በቃላቸው ሳይወጡ የዛሬው አይሰጣቸውም። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

መምጣቱን ግን እምቢ አሉ። «ሰሞኑን ቃል ይጠፋኛል። በሰው ፊት አላሳፍርሽም።» አልጎተጎትኳቸውም።

ረቡዕ
ስላይዶቼ አምስት ናቸው። ልጄ ሶልያና አረመችልኝ። «ማሚ፣ ቱ ፋስት፣ ፈጠንሽ» ትለኛለች በየመሃሉ። ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። የሚያስፈሩኝ፦ የጃፓንኛ ስሞቹ፣ ጥያቄዎች፣ የዚያ ተማሪ ፊት።

ራት ላይ አባባ ድንገት «ጥቁሩ ኮቴ ንጹሕ ነው?» አሉ። ንጹሕ ነው አልኳቸው። ተነሥቼ ለነገ በር ላይ ሰቀልኩት።

ሐሙስ
አባባ ጥቁሩን ኮት ለብሰው አብረውኝ መጡ።

የእኔ ክፍል ደህና ሄደ። ከዚያ አባባ ተነሥተው አንድ የዳዊት መዝሙር በግዕዝ ጀመሩ። ድምፃቸው ቤት ውስጥ ከማውቀው ይበልጥ ወፍራም ነበር። መሃል ላይ ቆሙ። አንድ ቃል ጠፋባቸው። እኔ ግዕዝ አልችል፣ በምን ልርዳቸው?

እሳቸው ግን አልተጣደፉም። ወደ መዝሙሩ መጀመሪያ ተመለሱና እንደ አዲስ ተነሡ፤ የጠፋባቸው ቦታ ሲደርሱ ሳይቆሙ አለፉት። እስከ መጨረሻው ወጡት።

የጠፋባቸውን ቃል እንዴት እንዳገኙት መምህርቷ ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው። «አንዱ ቃል ሌላውን ይጠራዋል። መሃሉ ከጠፋኝ ከመጀመሪያው ነው የምነሣው» አሉ። መምህርቷ ወደ ተማሪዎቹ ዞራ፣ ይህን ነገር በመጽሐፍ ላሳያችሁ አልችልም ነበር አለች።

የሰኞው ተማሪ ሲያልቅ ቀርቦ ስንት ዓመት ፈጀብዎት ብሎ ጠየቃቸው። አራት ዓመት አሉት አባባ፣ በእኔ አስተርጓሚነት። «እኔ በአራት ዓመት ዲግሪ ነው የምይዘው» አለና እጃቸውን ጨበጠ። ሲወጣ ለእኔም አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ።

ዓርብ
ውጤቱ አልመጣም። ሰዓት አሳልፈሻል ብላ ነጥብ ትቀንስብኝ ይሆናል፤ አላውቅም።

ከሰዓት ልብስ ሳጣጥፍ አባባ ጎጃም ላለችው እህታቸው ሲደውሉ ሰማሁ። ስለ ዳዊቱ ያወራሉ ብዬ ጠበቅሁ። አንድም ቃል አላነሡም።

«ልጄ ፈረንጆቹን አስተማረች» አሉ። «ቋንቋው አልገባኝም። ግን ሲያዳምጧት ሰማሁ።»

ፎጣውን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።