ዱላው ከእጅ የወጣበት ቅጽበት

የካቲት 3፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

የሰርኬን የቴሌቪዥን መመሪያ ግማሹን ጨረስኩ። አርባ ገጽ። ሃያው ማስጠንቀቂያ ነው፦ ውሃ አታፍስ፣ መብረቅ ሲኖር ንቀል፣ አትደገፍበት። የቀረው ስለ ሪሞቱ ቁልፎች።

ሰርኬ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ቪዲዮ ቤት አላት። ጠዋት የኳስ ጌም፣ ከሰዓት ፊልም። ስሱን ቴሌቪዥን ከጎንደር ካስመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ደንበኞቿ ግን እሱን ትተው ጥጉ ላይ ወዳለው አሮጌ ይሄዳሉ። ጀርባው ስላበጠ «ሆዳሙ» ይሉታል። መጽሐፉን አንብበው ምን እንደጎደለው ይንገሩኝ አለችኝ። ጋዜጣ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ማንኛውንም ወረቀት ያነባል ብላ ታምናለች። አልተቃወምኩም። ጡረተኛ ነኝ፤ ሥራ ሲመጣ ደስ ይለኛል።

ሌላ ጉዳይ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ፣ ማስታወሻዬ፣ ነገሩ ያለቀ ስለመሰለኝ ነው። በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አስማረ የዳባት ሰው ነው፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ። ልጁን ብርቱካንን ደባርቅ ለሚኖረው ለሙሉቀን ዳረ። ጥር 28 አስማረ ቤት መልስ ተበላ። ከምሳ በኋላ የሁለቱ ወገን ፈረሰኞች ሜዳ ወርደው ጉግስ ተጫወቱ። አስማረ ወደ ስድሳ ይጠጋል፤ ተው ቢባልም ወጣ። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ፈንታሁን አሳደደው። አስማረ ዞር ሲል የፈንታሁን ዱላ ቀኝ ዓይኑን መታው። ጎንደር ያለው ሐኪም ስለ ዓይኑ ገና ምንም ማለት አልችልም ብሏል።

የጨዋታው ደንብ ግልጽ ነው። ባዶ እጁን ከራሱ በላይ ያነሳ ፈረሰኛ ከጨዋታው ወጥቷል፤ አይወረወርበትም። አስማረ እጄን አንስቼ ነበር ይላል። ፈንታሁን ያኔ ዱላው ከእጄ ወጥቶ ነበር ይላል። ጭቅጭቁ ይህ ብቻ ነው። እጅ ከተነሳ በኋላ ከተወረወረ ሆን ተብሎ ነው፤ ትዳሩም ይፈርሳል። ብርቱካን ከመልሱ ቀን ጀምሮ አባቷ ቤት ቀርታለች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። ሰብሳቢው ቄስ ሞላ። አንዱ በሙሽራው ወገን። እኔ በአስማረ ወገን። ዱላው ሲወረወር ዳስ ውስጥ ነበርኩ፤ ሜዳውን አላየሁም። ስለዚህ ሰርጉን የቀረጸው ማስረሻ ዲስክ አመጣ፤ ባለፈው እሑድ በአንድ ሆቴል ትልቅ ስስ ቴሌቪዥን ላይ አየነው። ሁለቱም ቤተሰብ ባለበት። የአስማረ እጅ ተነሳ። ከዚያ የፈንታሁን ክንድ ወረደ። ከዚያ አስማረ ወደቀ። ቄሱ ምን አዩ አሉኝ። እጁ ከተነሳ በኋላ ነው የወረወረው፣ በዓይኔ አየሁ አልኩ። ፈንታሁን አንገቱን ደፋ። ፍርዱ ለየካቲት 15 ተቀጠረ።

ይኸው ነው።

የካቲት 5፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ከጠዋት ጀምሮ ሰርኬ ቤት። ወንበር ወስጄ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ተቀመጥኩ። አንድ የሚኒባስ ሾፌርና አንድ የጤና ጣቢያ ነርስ ስሱ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሾፌሩ ረጅም ኳስ በመታ ቁጥር ኳሷ ጭራ ታወጣለች፤ አንዳንዴ ከነጭራሹ ትጠፋለች።

«ኳሷን ማን በላት?»

«ቴሌቪዥኑ ይብላት፣ አንተማ ድሮስ መቼ አግብተህ ታውቃለህ!»

«ተነስ ወደ ሆዳሙ እንሂድ። እዚያ ብሸነፍ እንኳ በምን እንደተሸነፍኩ አያለሁ።»

ሄዱ። ኳሷ ሆዳሙ ላይ ቁልጭ አለች። ሰርኬ ወደ እኔ ታያለች፤ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

ከሰዓት ፊልም። ስሱ ላይ ሁሉም ነገር ከልክ በላይ ይንሸራተታል። ፊልሙ ፊልም አይመስልም፤ ጎረቤት የቀረጸው ሰርግ ይመስላል። ከኋላ አንዱ ሙሽራው የታለ ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ ሳቀ። አሳዛኝ ቦታ ላይ ነበር።

መመሪያው ገጽ 31። «እንቅስቃሴን ማለስለሻ»። ቴሌቪዥኑ በተከታታይ ሁለት ሥዕሎች መካከል የራሱን ሦስተኛ ሥዕል አስልቶ ይጨምራል ይላል። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእኛ ሙያ፣ ተናጋሪው በተናገራቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ዘጋቢው የራሱን አንድ እንደመጨመር ነው። ባጠፋው ምን ይሆን ብዬ ሪሞቱን ነካካሁ። ፊልሙ ወደ ፊልምነቱ ተመለሰ። ኳሷ ግን አሁንም ጭራ አላት፤ ቢያንስ አትጠፋም።

ጭራው ለምን? እርሳሴን በሁለቱም ፊት አወዛወዝኩ። ስሱ ፊት፣ አንድ የተቀባ ግራጫ ማራገቢያ። ሆዳሙ ፊት፣ ተለያይተው የቆሙ ብዙ እርሳሶች። አሮጌው ሥዕሉን ብልጭ አድርጎ ያጠፋል፤ በመሀል ጨለማ አለ። ዓይን በጨለማው ያርፋል፣ ቀጣዩን ንጹሕ አድርጎ ይቀበላል። ስሱ ቀጣዩ እስኪመጣ የቀደመውን አብርቶ ይዞ ይቆያል። ነርሱ እርሳስ ሳወዛውዝ አይቶ ጋሼ ደህና ነዎት ወይ አለኝ።

የካቲት 6፣ ዓርብ፣ ጠዋት 2 ሰ.

ሲነጋ ነው የመጣልኝ። ኳስ የሚጠፋ ከሆነ ዱላስ? ቀጭን ዱላ፣ በደረቀ ሣር ላይ፣ በአቧራ ውስጥ።

በዚያው ቀን፣ 6 ሰ.

ሆቴሉ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባዩን ለምኜ የቴሌቪዥኑን ዝርዝር አስከፈትኩ። ማለስለሻው በርቷል። ከፍተኛው ላይ።

ከዚያ ማስረሻ ዘንድ። ካሜራው በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ያያል አለኝ፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሥዕል ነው። ዲስክ ላይ ሲገለብጥ ቦታ ለመቆጠብ ግማሹን ይጥላል። ለጭፈራ ማን ይጨነቃል አለ። ዋናው ካሴት የት አለ አልኩ። ካሴት በተራ ነው የሚጠቀመው፤ አዲስ ሰርግ በአሮጌው ሰርግ ላይ ይቀረጻል። የፊታችን እሑድ ከጾም በፊት የመጨረሻው ስለሆነ ኮሶዬ መንደር ሰርግ ይዟል። ቦርሳውን ዘረገፈ። የአስማረ ካሴት ለኮሶዬ ተመድቦ ካሜራው ውስጥ ገብቷል።

«ጋሼ፣ ከነገ ወዲያ ቢመጡ የኮሶዬን ሙሽራ ነበር የሚያዩት።»

አዲስ ካሴት ገዝቼ ተካሁለት። የአስማረን አስወጣሁ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7 ሰ.

ሰርኬ ቤቱን ለሁለት ሰዓት ዘጋችልን። ማስረሻ ካሜራውን በሽቦ ከሆዳሙ ጋር አገናኘ። በዝግታ አጫወተው። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

የፈንታሁን ክንድ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወደ ፊት ይመጣል። ዱላው ይወጣል። በአየር ላይ ይታያል፤ ቀጭን፣ ግን ይታያል። የአስማረ እጅ ገና ልጓሙን ይዟል። ከዚያ ዞር ይላል። ከዚያ እጁን ያነሳል። በዚህ ጊዜ ዱላው ከመንገዱ ግማሽ አልፏል። የፈንታሁን ክንድ እንደገና ይነሳና ይወርዳል። እሑድ ውርወራ ብዬ የተናገርኩት ይህን ነው። ነገር ግን በእጁ ያለው ዱላ አይደለም። ከእጁ አንጓ የተንጠለጠለው አለንጋ ነው፤ ፈረሱን መትቶ ወደ ጎን እየመለሰው ነው። ከዚያ አስማረ ይወድቃል።

ዱላው ከእጅ ከወጣበት የአስማረ መዳፍ እስከተነሳበት ድረስ ያሉትን ሥዕሎች ቆጠርን። እኔ ዘጠኝ፤ ማስረሻ አሥር። አልተከራከርንም።

ያንኑ ካሴት ስሱ ላይ፣ ማለስለሻውን አብርተን። ዱላው የለም። ሣሩ ዋጠው። ክንዱ ይወርዳል፤ ሰውየው ይወድቃል። ልክ እሑድ እንዳየነው። ማለስለሻውን ስናጠፋ አንድ የጥላ መስመር ታየ፤ አስቀድሞ ያላወቀ ሰው አያስተውለውም።

ማስረሻ ጎንደር ውስጥ ሦስተኛ ዓይነት ቴሌቪዥን አይቻለሁ ይላል። ስስ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ይበራል። እንቅስቃሴው ከሆዳሙ ብዙም አያንስም። ሲነኩት እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል አይችልም። ደባርቅ አንድ ሳምንት አይቆይም አለ። በዚያ ተለያየን።

ምሳ አልበላሁም።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ጾሙ ገብቷል። ቄስ ሞላ ከቅዳሴ በኋላ ሰርኬ ቤት መጡ። ጌም ቤት ገብተው አያውቁም፤ በሩ ላይ ቆም ብለው አማተቡ። ሁለቱንም አሳየኋቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ተጣሉ። እነሱንስ ማን ያስታርቃቸዋል?»

ጥያቄው ትክክል ነው። አሮጌውን ያመንኩት እኔ ስለፈለግኩ ይሆን? በጓሮ በኩል ወጣን። ነርሱ ዱላ እንዲወረውር፣ ሾፌሩ ጭብጨባ ሲሰማ እጁን እንዲያነሳ አደረግን። የማጨበጭበው እኔ ነኝ። ዱላው ከእጅ ሲወጣ አጨበጨብኩ። ማስረሻ ቀረጸ። ሰባት ጊዜ። አምስተኛው ላይ ዱላው የሰርኬን ዶሮ ለጥቂት ሳተ፤ ሰርኬ ሁላችንንም ሰደበች፣ ቄሱን ግን «አባቴ፣ እርስዎን አይደለም» አለች።

ሰባቱንም በሁለቱ ላይ አየን። ሆዳሙ ሰባቱንም በትክክል አሳየ። ስሱ ማለስለሻው በርቶ በአምስቱ ዱላውን ዋጠ። ቄሱ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ።

በቃኝ አሉ። ከዚያ፣ እሑድ ማን ይናገራል አሉኝ። በሙሽራው ወገን ያለው ሽማግሌ ይናገር ብል ለወገኑ አደላ ይባላል። እሳቸው ሰብሳቢ ናቸው። የቀረሁት እኔ ነኝ።

የካቲት 12፣ ሐሙስ፣ ዳባት

በሚኒባስ መጣሁ። አስማረ ደጅ ተቀምጧል፤ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። አብረን ደባርቅ ሄደን ካሴቱን እንድናይ ለመንኩት። እሱ መጀመሪያ ቢያየው ይሻላል ብዬ ነው።

«አንተ፣ ዓይኔ ፈሶ ስለ ቴሌቪዥን ልታወራኝ ነው የመጣኸው?»

አዎ አልኩ።

እጄን አንስቻለሁ አለ። አንስተሃል፤ እሱ እውነት ነው አልኩት። ዱላው ግን ቀድሞ ወጥቷል። ከዚያ ፈንታሁን እያነጣጠረ ሳይሆን ፈረሱን እየመለሰ ነበር። አስማረ ተነሳ፤ በአንድ ዓይን ርቀት መለካት ገና አልለመደምና በርጩማውን ረገጠ። ልደግፈው ስል እጄን ገፋው። እኔ የመረጥኩህ ለእኔ እንድትቆም ነው፤ ዳባት ሽማግሌ ጠፍቶ አይደለም አለኝ። ደግሞም በዓይኔ አየሁ ያልከው አንተ ነህ፣ ሁለት ዓይን ያለህ! ይህን ሲል ጎረቤቶች ሰሙ።

ትክክል ነው።

ብርቱካን እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ። እጇ ላይ ሂናው ገና አልለቀቀም። አባቷ ድምፅዋን እንዳይሰማ ቀስ ብላ ነው የምታወራው።

«ጋሼ፣ ከእጁ ወጥቶ ነበር?»

«ወጥቶ ነበር።»

«ሙሉቀን በየቀኑ ይደውላል። አላነሳም። አባቴ ፊት አንስቼ ምን እለዋለሁ? እሑድ ይናገሩታል?»

ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ። ነገሩን በደንብ አያለሁ አልኳት። ይህ የቢሮ መልስ ነው። ስንት ሰው እንደዚህ ሲመልስልኝ ማስታወሻ ደብተሬን እየከደንኩ ወጥቻለሁ። እሷም ገባት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ተመለሰች።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

አስማረ ሰው ልኳል። ነገ እመጣለሁ፤ ቴሌቪዥን ግን አላይም ብሏል። ከፈለግኩ ዓይኑ ደህና እስኪሆን ነገሩን ላራዝመው እችላለሁ፤ ቄሱ እንደማይቃወሙ አውቃለሁ። ለጓደኝነታችን ይህ ይሻላል። ለብርቱካን አይሻልም። አንዲት ሙሽራ እስከ ፋሲካ አባቷ ቤት ከቆየች ከዚያ በኋላ መመለሷ ራሱ ሌላ ሽምግልና ይጠይቃል።

ፈንታሁን መንገድ ላይ አገኘኝ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ሰላምታ ሰጥቶ አለፈ። እሑድ ከተናገርኩ ጀምሮ ፈረሱን ወደ ውሃ የሚወስደው በጓሮ መንገድ እንደሆነ ሰርኬ ነገረችኝ።

የካቲት 15፣ እሑድ፣ ጠዋት 3 ሰ. ተኩል

ስብሰባው 5 ሰዓት፣ እድር ቤቱ። መብራት አለ። ማስረሻ ካሴቱን ይዟል። ሆዳሙን አራት ሰው ተሸክሞት እየሄደ ነው፤ ሾፌሩ ሲያነሳው «ይሄ ደግሞ ቁርሱን በልቷል» አለ።

ካሴቱን ማሳየት ቀላሉ ነው። ሰው አይቶ ይፈርድ ብዬ ጥግ ይዤ መቀመጥ እችላለሁ። ጋዜጣ ቤት ስህተት ስንሠራ እርማቱን በመጨረሻው ገጽ ታች፣ በትንሽ ፊደል እናወጣ ነበር። ዋናው ስህተት በፊት ገጽ ወጥቶ። አንባቢ እንዳያየው እንመኝ ነበር፤ ብዙውም አያየውም።

ወሰንኩ። ቴሌቪዥኑ ሳይበራ እናገራለሁ። ቆሜ፣ አስማረ ፊት ለፊት፣ ባለፈው በተናገርኩበት ድምፅ ልክ። ስለ ማለስለሻ፣ ስለ ሃምሳና ሃያ አምስት ሥዕል የሚጠይቀኝ ካለ በኋላ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን ይህ ነው፤ እንዳላለዝበው እዚህ ጻፍኩት፦

በዓይኔ አየሁ ያልኳችሁን አላየሁትም ነበር።

ቄስ ሞላ ከደጅ እየጠሩኝ ነው። አስማረ ደርሷል አሉ፤ ብርቱካንንም ይዟል። ልሂድ።