የቀሩን ሁለት መጻሕፍት

ንፋስ መውጫ
መጋቢት 6 ቀን 1963 ዓ.ም.

«ልጄ ሆይ፣ ከእንግዲህ የዓለም መጽሐፍ አትላክልኝ። የላክኸውንም መልሼልሃለሁ። የቀረኝ ቀን ለነፍሴ ይሁን።»

እናቴ ሆይ፣ የጻፉልኝ ይህንን ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ቁጣዬ ከሰላምታዬ ቀድሞ ስለወጣ ይቅር ይበሉኝ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ጾሙን እንዴት ያዙት? ጉልበትዎስ? እኔ ከንዴቴ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ነጋዴው ሞላ መጽሐፉን ከአህያው ጭነት ላይ አውርዶ ሲሰጠኝ፣ ያሰርኩበት ክር እንኳ አልተፈታም ነበር።

ውላችን ምን ነበር? ባለፈው ትንሣኤ ቤትዎ ተቀምጠን፣ እስከሚመጣው ትንሣኤ አሥራ ሁለት መጻሕፍት ልንጨርስ ተስማማን። እኔ አንብቤ ልልክ፣ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ሊያነቡልዎት፣ እርስዎ ሊፈርዱ። አሥሩን ጨርሰናል። ሁለት ሲቀር ውል ይፈርሳል?

ደግሞ ይህ የእርስዎ ቃል አይመስለኝም፤ የጸሐፊዎ የመሪጌታ ነው። መሪጌታ፣ ይህንንም ለእናቴ የሚያነቡላቸው እርስዎ ነዎትና ሳይዘሉ ያንብቡት! የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ መንግሥተ ሰማያት አያስገባም እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ነገር ግን ቅዳሴ ሲወጣ እየሮጡ መጥተው «ያቺ መበለት ረታች ወይስ ተረታች?» ያሉት ማን ነው? እናቴ «አባቴ፣ እህል ቅመሱ እንጂ» ቢሉዎት፣ «እህሉ ይቆየን፣ መጽሐፉን አምጪው» ብለዋል። እህቴ ፋንቱ ነግራኛለች።

እናቴ ሆይ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። ከአሥሩ የወደድኩት ሦስቱን ነው፤ ሦስቱንም ያስወደዱኝ እርስዎ ነዎት። በርስቷ የተካሰሰችውን የዚያችን መበለት ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ወሬው በዝቷል ብዬ አጣጥዬው ነበር። እርስዎ ግን ሐሰተኛው ምስክር ሲቀርብ «ውሸታም! አፍህ ይድረቅ!» ብለው ጮኸው መሪጌታን መጽሐፉን ከእጃቸው አስጣሏቸው። ይህን ስሰማ እንደገና አነበብኩት። የመርከበኞቹን ጉዞ በሰሙ ጊዜ ደግሞ «ባሕር ላይ የሞተውን ማን ይቀብረዋል? ተዝካሩስ የት ይወጣል?» ብለው አስጠየቁኝ። ጸሐፊው አላሰበበትም፤ እኔም አላሰብኩበትም ነበር። ሦስተኛው ከስደት ተመልሶ እናቱ ያላወቀችው የዚያ ልጅ ታሪክ ነው። «ይህን የጻፈው ሰው እናት የለውም። እናት ልጇን በሳሉ ታውቀዋለች» ብለው ፈረዱ። መጽሐፍ ላይ የሚጽፍ ሰው እንደምጠላ ያውቃሉ። ይህን ፍርድዎን ግን እዚያው ገጽ ዳር ላይ ጻፍኩት።

ሞላ ብዙ ነገር ነገረኝ፤ አልተቀበልኩትም። ገበያ መውጣት ትተዋል አለኝ። ብርድ ነው አልኩት። ጥገቷን ላም ለፋንቱ ሰጥተዋል አለኝ። ማለብ ታክቷቸው ነው አልኩት። ከሸማኔው አዲስ ኩታ አስመጥተው ሳይለብሱት ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት አለኝ። ለትንሣኤ ነው አልኩት። ታዲያ ምን ልትለኝ ፈልገህ ነው ብዬ ብቆጣው «ጌታው፣ እኔ ምን ልበል? አህዮቼን ላጠጣ» ብሎ ጥሎኝ ሄደ።

ያንኑ ዕለት ፈቃድ ጠየቅሁ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ፈተናው እስኪያልቅ ታገስ አለኝ። እኔ መታገሥ እንደማልችል እርስዎ ያውቃሉ፤ እሱ አያውቅም።

ስለዚህ አሥራ አንደኛውን መጽሐፍ በሞላ እጅ መልሼ ልኬዋለሁ። አጭር ነው። የሚያደክምዎት ከሆነ መሪጌታ ከጸሎት በኋላ ጥቂት ጥቂት ያንብቡልዎት፤ ተኝተውም መስማት ይችላሉ። አሥራ ሁለተኛውን ግን አልልክም። ለሆሳዕና በቅሎ ተከራይቼ ይዤው እመጣለሁ፤ እኔው ራሴ አነብልዎታለሁ። ካልወደዱት ይሳደቡ።

የቤተ ልሔሟ እመቤት ትጠብቅዎት። ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ፋንቱን፣ ተቀይሜያቸውም ቢሆን መሪጌታን ሰላም ይበሉልኝ።

አሥራ አንደኛውን መስማትዎንና አሥራ ሁለተኛውን እንደሚጠብቁኝ በጽሑፍ ይመልሱልኝ፤ የቃል መልእክት አልቀበልም። ሞላ መጋቢት 24 ቀን አርብ ገበያ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ሳልመጣ የትም እንዳይሄዱ።

ልጅዎ