ለሻሂን ስለተጣለው የሐዘን ድንኳን

ለክቡር ዶክተር ነዚህ አል-ቢልቃሲ፣
የ«መዳብ በር ዜና መዋዕል» ደራሲ፣ የነገሥታት ሿሚና ሻሪ፣
ካይሮ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ አላህ ጤናዎን እንዲጠብቅልን፣ የዓይንዎን ብርሃን እንዲያበዛልን፣ በተለይም ያችን የሚጽፉባትን ቀኝ እጅዎን ከቁርጥማት እንዲሰውርልን እለምናለሁ፤ ያች እጅ አንድ ሰሞን እንኳ ታማ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ በሰፈሬ ውስጥ ቀና ብዬ እሄድ ነበርና።

ረፍዓት አብደልሳላም እባላለሁ። እስክንድርያ፣ አንፉሺ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ጢሜ መሸበት ከጀመረ ቆይቷል። ይህን የምዘረዝረው ለጉራ አይደለም፤ ያፈረው ሰው ዕድሜና ማዕረግ ያለው መሆኑን እንዲያውቁልኝ ብቻ ነው። ልጅ እንዲህ ቢሆን ያስቃል፤ እንደ እኔ ያለው ሲሆን ግን ያሳፍራል። ቅሬታዬን እንደ ወጉ በተራ በተራ አቀርባለሁ፤ ባላሰለችዎት።

አንደኛ፤ ስለ ካርታው። በመጀመሪያው ቅጽ መግቢያ ላይ ያለው ዘርቃን የተባለ ታላቅ ወንዝ ከባሕር ተነስቶ ወደ ተራራ ይወጣል። በሙያዬ መጽሐፉን ዘግቼ መሳቅ ሲገባኝ፣ ጥቂት ምዕራፍ ሳልሄድ ወንዙን አመንኩት። ማመን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ አንድ ማለዳ ስለ ዓለም ወንዞች ሳስተምር «ከናይል ቀጥሎ ዘርቃን» ብዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ክፍሉ በሙሉ ደብተሩ ላይ ገለበጠው። አንዲት ልጅ «ኡስታዝ፣ ይሄ ደግሞ የት አገር ነው ያለው?» ብትለኝ «ቤትሽ ሄደሽ ፈልጊ» አልኳት፤ ምስኪን፣ እስከ ዛሬ ትፈልጋለች መሰለኝ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እርስዎ ግን ጭራሽ የሌለ አገር እንዲናፍቀኝ አድርገዋልና ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፤ በሦስተኛው ቅጽ ስለ ፈረስ ኮርቻ አሰፋፍ ለተረኩልን እጅግ ረጅም ምዕራፍ። እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሰሞን በእጅጉ ጠቅሞኛል፤ አላህ ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሻሂን። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት (ያውቁት እንደሆነ) ሻሂን ንጉሥም ልዑልም አይደለም፤ የጀልባ ቀዛፊ ልጅ ሆኖ የድልድይ ጠባቂዎች አለቃ የሆነ ሰው ነው። መዝፈን አይችልም፣ ግን ይዘፍናል። ከውጊያ በፊት ጎንበስ ብሎ የወታደሮቹን የጫማ ማሰሪያ አንድ በአንድ ያጠብቃል። ነገሥታትዎን ሁሉ አንድ ላይ ቢያስሩልኝ በእሱ አልለውጣቸውም። በአምስተኛው ቅጽ ግን ስደተኞቹ ተሻግረው ካለቁ በኋላ ጠላት እንዳይከተላቸው ብሎ የድልድዩን ገመድ ድልድዩ ላይ እንደቆመ በገዛ እጁ ይቆርጣል። ለኮርቻ ያን ሁሉ ቀለም ያፈሰሱት ሰውዬ፣ ለእሱ የቸሩት «ውሃውም ተዘጋ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ከጁምዓ መልስ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ከመቀመጫዬ ተነስቼ «ሞተ! ውሃ በላው!» ብዬ ጮህኩ። ክቡርነትዎ፣ ዓሣ አጥማጆች ሰፈር ውስጥ ይህ ቃል አይጮህም። በዚህ ጩኸት መጥበሻዋን እሳት ላይ ጥላ የማትሮጥ፣ ተረከዟ በጫማ ውስጥ ሳይገባ የማትወጣ ሴት የለችም።

ደግሞ በኛ ሰፈር ወግ ሐዘንተኛን «ማን ሞተብህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ይገባል፣ «ቀሪው ለዕድሜህ ይሁን» ይባላል፣ ስኳር የሌለው ቡና ይጠጣል፣ አንገት ደፍቶ ይቀመጣል። የሟቹን ማንነት ጎረቤት ከጎረቤት ቀስ ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ መጣ። ከፊት ለፊታችን ቡና ቤት ያለው ሙዓሊም ዘከሪያ ሬዲዮኑን ዘግቶ ወንበር ማመላለስ ጀመረ። «ሙዓሊም፣ ሰውዬው እኮ...» ስለው አፌን በመዳፉ ያዘና «አትናገር ወንድሜ፣ አልቅስ ዝም ብለህ፤ ካላለቀስክ አይወጣልህም» አለኝ። እኔ እያለቀስኩ፣ እሱ እያባበለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ካለው የዓስር ሶላት በፊት ድንኳኑ ተጣለ።

እናቴ ከእህቷ ቤት ስትመለስ ድንኳኑን አየችና ማን እንደሞተ ሳታውቅ ከመንገዱ ጫፍ እየጮኸች መጣች። ደረጃው ላይ ይዤ እውነቱን በጆሮዋ ነገርኳት። ለቅሶዋን ገታ አድርጋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ! ድንኳን ከተጣለ በኋላ ሟች የለም ይባላል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?» አለችና ካቆመችበት ቀጠለች።

እንዲህ ሆኖ ተቀመጥን። ግማሹ የጡት ወንድሜ ነው የሞተው አለ፤ ግማሹ የወታደር ቤት ጓደኛዬ ነው አለ። ቁርኣን የሚቀራው ሸኽ ግን ለዱዓ ስም ያስፈልገዋልና ጠየቀኝ። «ሻሂን» አልኩ። «የማን ልጅ?» አለኝ። አምስት ቅጽ ሙሉ የአባቱን ስም አልነገሩንም እኮ! «የአላህ ባሪያ» ብዬ አለፍኩት። ያ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ «አሚን» እያለ፣ በወረቀት ላይ ብቻ ለኖረ ሰው ጀነት ሲለምን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እስከ አሁን መስጊድ ስገባ ኋላ ሰልፍ ላይ ነው የምቆመው።

አራተኛ፤ ስለ ኡም ጋብር። እዚህ ላይ ነው እፍረቴ አጥንቴ ድረስ የሚዘልቀው።

ኡም ጋብር ከኛ በላይ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አንድ ልጇ ጋብር ባለፈው ክረምት ለዓሣ እንደወጣ ጀልባዋም እሱም አልተመለሱም። ሰፈሩ ድንኳን ልጣልልሽ ቢላት «ሬሳ ሳላይ ልጄን አላለቅስም፤ የሚመጣ ሰው አይለቀስም» ብላ አባረረች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በሯን ቆልፋ አታውቅም፤ ማታ ዓሣ ስትጠብስ የእሱን ድርሻ ትከድንለታለች። ያን ዓርብ ግን ልታጽናናን መጥታ እናቴ ጎን ተቀመጠች፤ እንደ ሁሉም «ቀሪው ለዕድሜሽ» አለች። ትንሽ ቆይታ ከሴቶቹ አንዷን «ምን ሆኖ ነው የሞተው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። «ውሃ በልቶት» አሏት። «ተገኘ?» አለች። «አልተገኘም» አሏት። «ሳይገኝም ይለቀሳል እንዴ?» አለች።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ጩኸት መጻፍ አልችልም፤ እርስዎም ቢሆኑ የሚችሉ አይመስለኝም። የጠራችው ሻሂንን አይደለም፤ ጋብርን ነው። ሴቶቹ ሁሉ እያዩዋት እንጂ እያባበሏት አልነበረም፤ ይህን ለቅሶ ስንጠብቀው ነበርና። ወንዶቹም በማግስቱ እኔን ጨብጠው ወደ እሷ ወጡ። የኔ የውሸት ድንኳን የጋብር ድንኳን ሆነ፤ እኔ ደግሞ በሰው ሐዘን ላይ እንደ ደገሰ ሰው ወንበሬ ላይ ተጎልቼ ዋልኩ።

ድንኳኑ ሲነሳ አላስችል አለኝ። መጽሐፉን በብብቴ ሸጉጬ ወደ እሷ ፎቅ ወጣሁና ነገርኳት። «ሰውዬው የለም?» አለችኝ። «የለም።» «ጭራሽ?» «ሰው የጻፈው ነው ኡም ጋብር፤ ይቅር በይኝ።» ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አናቴን ብትለኝ ደስ ባለኝ ነበር። እሷ ግን «እስቲ እንዴት እንደሞተ አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። «ውሃውም ተዘጋ» ስል «አዎ» አለች፤ «ሲዘጋ እንዲህ ነው። የጻፈው ሰው ያውቃል።» ከዚያም የጋብርን የክረምት ካፖርት ከቁም ሳጥን አውጥታ፣ ካፖርት ለሌለው ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ሰጠችው። ያን ለት ማታ የበሯ መቀርቀሪያ ሲጮህ ታች ሆኜ ሰማሁ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ያለ አንዳች ሽሙጥ አመሰገንኩ። ያች ያጠረችብኝ ዓረፍተ ነገር የተጻፈችው ለእኔ አልነበረም አልኩ።

አምስተኛና የመጨረሻ፤ ስለ ቴሌቪዥኑ። ባለፈው ሳምንት ሙዓሊም ዘከሪያ ቡና ቤት ውስጥ ሳለሁ እርስዎ ያምራል በተባለ ከረባት ብቅ አሉና፣ ስድስተኛው ቅጽ «የሻሂን መመለስ» እንደሚባል አበሰሩን። ጋዜጠኛዋ ስትደነግጥ «በእኔ መጽሐፍ ሬሳው ያልታየ ሰው አልሞተም» ብለው ሳቁ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዘለልኩ። ሙዓሊም ዘከሪያን አንገቱን አንቄ እየሳምኩ «አልሞተም! ሻሂን አልሞተም! ውሃ አልበላውም!» ብዬ በዚያው ጉሮሮዬ ጮህኩ። ሙዓሊም ቴሌቪዥኑን አየ፤ እኔን አየ። «ሻሂን ማለት... እኔ ወንበር የተሸከምኩለት ሻሂን?» አለ። ቡና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሁን የአንፉሺ ልጆች በመንገድ ሲያገኙኝ «ኡስታዝ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ዘመድህ ተገኘ!» ይሉኛል። ይሁን፤ የሠራሁት ነው፤ እሸከመዋለሁ።

የማልሸከመው ሌላ ነው። ዘልዬ ስጨርስ ዘወር ብል ኡም ጋብር ዳቦዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አልሳቀችም። አልተቆጣችም። «ሬሳው ያልታየ አልሞተም ነው ያለው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ጠዋት ወደብ ወርዳ ያን ዓሣ አጥማጅ ካፖርቱን እንዲመልስላት ለመነችው። «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፤ ሲመጣ ይበርደዋል» ነው ያለችው። ሰውዬው አውልቆ ሰጣት። በሯም ከዚያን ቀን ወዲህ አይቆለፍም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ አንባቢ ሁሉ የሞተበትን ጀግና እንዲያስነሱለት እየጻፈ እንደሚለምንዎት አውቃለሁ። ሻሂንን ከእኔ በላይ የሚወደው የለም፤ ድንኳን የጣለለት ሌላ አንባቢ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ የምለምንዎት ተቃራኒውን ነው፤ ሬሳውን ይስጡን። ውሃው ዳርቻ ላይ ይጣሉልን፣ አንድ ሰው ያግኘው፣ ይጠበው፣ ይቅበረው። ለኮርቻ የሰጡትን ምዕራፍ ሩቡን ለመቃብሩ ይስጡልን፤ ለኡም ጋብር አንብቤላት እንድመለስ። ለእርስዎ አንድ ቅጽ ይቀንስብዎታል፤ መቼም አይጎድልብዎትም።

በዚህ ድፍረቴ ሳይቀየሙኝ፣ ለከፍተኛ ጥበብዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ደግሜ ደጋግሜ እየገለጽኩ፣ የሙታንን መዝጊያ ከፋችና ዘጊ ለሆነው ብዕርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለከረባትዎም ድምቀት እመኛለሁ።

ባለዕዳዎ፣ አንባቢዎና አገልጋይዎ፣
ረፍዓት አብደልሳላም
የጂኦግራፊ መምህር፣ የውሸት ሐዘንተኛ
አንፉሺ፣ እስክንድርያ

ማስታወሻ፤ በሚቀጥለው ወር እስክንድርያ መጥተው መጽሐፍ እንደሚፈርሙ ሰምተናል፤ እንኳን ደህና መጡ። ከሰልፉ መካከል ጥቁር የለበሱ፣ መጽሐፍ ያልያዙ አንዲት እናት ያገኛሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ፊርማም አይፈልጉም። አንድ ነገር ሊጠይቁዎት ነው የሚመጡት፤ እኔንም ጠይቀውኛል። «በሕይወት ከነበረ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እናቱ ጋ ለምን አልላከም?» ብለው ይጠይቁዎታል። ዓይናቸውን እያዩ ይንገሯቸው።