ማሰሪያዎቹን የለየሁበት ቀን

የኔው ሰው አስማረ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከየት አገኘዋለሁ? ካረፍክ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ልጃችን ትርሲት ማራኪ ካምፓስ ገብታ ከቤት እየተመላለሰች ትማራለች። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ አፈራልን። ፒያሳ ያለችው የሰዓት መጠገኛ ሱቅህ ግን ካንተ በኋላ እንደተቆለፈች ነበር የቆየችው። አከራያችን ወይ ሥሪባት ወይ ልቀቂ ቢሉኝ ነው ሰሞኑን ሄጄ የከፈትኳት።

ሰዓት መጠገን እንደማልችል ታውቃለህ። ማሰሪያ መቀየር ግን አጠገብህ ተቀምጬ ለምጄዋለሁ። ስለዚህ ማሰሪያ ያጠራቀምክበትን ጆንያ ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። ቆዳው ከብረቱ፣ ብረቱ ከጎማው ተጠላልፏል። አንተ ሳታይ እጅህን ሰደድ አድርገህ የምትፈልገውን ትመዘው ነበር። እኔ ካልጻፍኩበት አላገኘውም። ማስመሪያ፣ እስክሪብቶና ነጭ ፕላስተር ይዤ ተቀመጥኩና ወርዱን እየለካሁ መለየት ጀመርኩ።

ትንሽ እንደሠራሁ ከኮሶዬ የመጡ ሽማግሌ ገቡ፤ አያ ፈንታ ይባላሉ። ማሰሪያው የተበጠሰ ሰዓት በመሀረብ ቋጥረው ይዘዋል። ተቀብዬ ልለካው ስል ተኩስ ተጀመረ። መጀመሪያ ከሩቅ ነበር፣ ቀጥሎ ግን ከኛው መንገድ ራስጌ ሆነ። ሰዉ ሮጠ። የጎረቤት ሱቆች በር እየተንቋቋ ተዘጋ። አያ ፈንታ ምንም ሳልላቸው ተነሥተው የኛንም ከውስጥ ቀረቀሩት።

ትርሲት ትምህርት ላይ ነበረች። ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ፤ ያው ነው። ነጠላዬን አንሥቼ ወደ በሩ ስሄድ ሽማግሌው ከፊቴ ቆሙ።

«ምነው እቴ፣ ወዴት ነው?»

ልጄ ማራኪ ናት አልኳቸው።

«ብትወጪም አታገኚያት። እሷ መጥታ ያጣችሽ እንደሆነ ደግሞ አንቺን ፍለጋ ትወጣለች። ተቀመጪ።»

እውነታቸውን እንደሆነ እያወቅሁ ተናደድኩባቸው። አንተ ብትኖር ትሄድ ነበር ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎም አንተንም እንዲሁ ይዤ አስቀርህ እንደነበር ገባኝ።

እሳቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ያቀብሉኝ ጀመር። «ይሄስ?» ይላሉ። አሥራ ስምንት ሚሊ፣ ቆዳ፣ ቡናማ ብዬ እጽፋለሁ። «ይሄስ?» ሃያ፣ ብረት። ተኩሱ ሲቀርብ እናቆማለን፤ ሲርቅ እንቀጥላለን። ፊደሌ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ የጻፍኩትን እኔው ራሴ አላነበውም። አንዴ ቆርቆሮውን አንዳች ነገር መታው፤ ሁለታችንም የሥራ ጠረጴዛህ ሥር ገባን። እዚያ ሆኜ አንተን አሰብኩ። የወደቀች ብሎን ስንፈልግ እዚያው ሥር ግንባራችን ተጋጭቶ ነበር፤ አንተ ግንባርህን ይዘህ፣ እንዳልስቅ በዓይንህ ስትለምነኝ።

ቆይቶ ጸጥ አለ። ጸጥታው ከተኩሱ ባሰብኝ። ልጄን በሐሳቤ በየጥጉ ወድቃ እያየኋት «አቤቱ፣ አቤቱ» አልኩ።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። እንደገና ተንኳኳ። አያ ፈንታ ዱላቸውን አነሡና ከበሩ ጎን ቆሙ።

«እማ» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

መቀርቀሪያውን እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም። አንድ ጫማዋ የለም፣ ቀሚሷ ጭቃ ነው፤ ደኅና ግን ናት። በየሰዉ ግቢ ውስጥ ለውስጥ እየተሻገረች ነው የመጣችው። «ቤት ሳጣሽ እዚህ ትሆኛለሽ ብዬ» አለችኝ። አንገቷን አንቄ ይዤ አልለቅ አልኩ። አያ ፈንታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ «እሰይ፣ ሸጋ፣ ሸጋ» ይላሉ።

የኮሶዬ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር እኛው ቤት አሳደርናቸው። ጠዋት መንገዱ ሲከፈት ሰዓታቸውን በአዲስ ማሰሪያ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸውና መርቀውን ሄዱ። ለአከራያችንም እሠራባታለሁ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። በሩን ከመክፈቴ በፊት አሁንም ጆሮዬን ጥዬ አዳምጣለሁ፤ ቢሆንም እከፍታለሁ።

ትላንት ትርሲት የተንቀጠቀጠ ጽሑፌ ያለበትን ፕላስተር እየላጠች በራሷ ፊደል ስትጽፍልኝ፣ የቀረውን ደግሞ እኔ ስለይ፣ የራስህን ማሰሪያ አገኘሁት። ጥቁሩን ቆዳ። ሕመሙ እጅህን ሲያከሳው በምስማር የበሳሃቸው ቀዳዳዎች አሉበት፤ እያንዳንዱ ከቀደመው ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ። ለኛ ሳትናገር ነው የበሳኸው። ትርሲት እስክሪብቶውን ይዛ ምን ልጻፍበት ብላ ጠበቀችኝ። ምንም አትጻፊበት አልኳት።

አስማረ፣ አንተን ለማስታወስ ጽሑፍ አያሻኝም። የእጅህን ውፍረት ደኅና ሳለህም፣ ከስተህም አውቀዋለሁ። እስክንገናኝ እንዳወቅሁት እኖራለሁ።

ያንተው እናኑ