በማኅደሩ ውስጥ ያለው መጽሐፍ

ሙሉሃብት፣

ጀሪካኑን ሞልቼዋለሁ። ሽሮው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀው፣ ለሁለት ይበቃል።

አባትህ ከአገር ቤት ከብልባላ ሳይታሰብ መጥተዋል። አሁን ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ ሲያበቃ ይመለሳሉ።

በሩን ሲያንኳኩ ያ «እግዚአብሔር የለም» የሚለው መጽሐፍህ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ደንግጬ የጸሎት መጽሐፌን ከቆዳ ማኅደሩ አወጣሁና ያንተን በምትኩ ከትቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። እሳቸው ገና ሳይቀመጡ ማኅደሩን አውርደው ተሳለሙት፤ ግንባራቸውንም አስነኩት። እኔም ተቀብዬ መልሼ ሰቀልኩት።

«ዓይኔ ደክሟል። ማታ ልጄ ከዚሁ ያነብልኛል፤ ድምፁ ናፍቆኛል» አሉ። ዲቁናውን እንደተውክ ገና አያውቁም።

ያንብቡት ብለህ የሰጠኸኝን ይህንኑ መጽሐፍ እኮ ጨርሼዋለሁ። ስለ ሕፃናት ሞት የሚጠይቀው ቦታ እንቅልፍ ነስቶኛል። ላወራህ ብመጣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የሂሳብ መጽሐፍም ቢሆን ሳይሳለሙ አይገልጡም!» ብለህ ሳቅክ። ይሁን።

ከመውጣቴ በፊት መጽሐፎቹን መልሼ ልቀይር እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እኒያን ሰው ሁለተኛ ማታለል ሆነብኝና ተውኩት። ብቀር ደግሞ ሲጠይቁኝ መዋሸቴ ነው። ስለዚህ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ልሳለም ሄጃለሁ፤ ነገ እመለሳለሁ።

መጽሐፍህ እዚያው ማኅደሩ ውስጥ ነው። የኔ የጸሎት መጽሐፍ ትራስህ ሥር አለልህ። ማታ የቱን እንደምትገልጥላቸው አንተ ታውቃለህ፤ እኔ አልፈርድብህም።

ብቻ የቱንም ብታነብ፣ ቀስ ብለህ አንብብላቸው። መንገዱን ሁሉ በእግራቸው ነው የመጡት።

አብሮህ የሚኖረው ሰውአገኝ