እጅ ሲለቀው ስለማይቆም ግራይንደር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የግዥና ንብረት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ጆሮዎ እንዴት ነው? ቢሮዎ ከብረታ ብረት ክፍላችን ግቢውን ተሻግሮ፣ ከድርብ መስታወት ጀርባ ያለ በመሆኑ ጆሮዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኝ እገምታለሁ፤ እንደዚያው ያቆይልዎ። እኔ በዚያው ክፍል የምሠራ በያጅ ነኝ፤ መልኬን ላያስታውሱት ይችላሉ። ታላቅ ወንድሜን ግን አይረሱትም። ሠራተኛው ሁሉ «ሐር እጁ» እያለ የሚጠራው፣ የብየዳ ስፌት አለስልሶ ሲጨርስ መዳፍ ቢያልፍበት ብረቱ የት ጋ እንደ ተጋጠመ የማይታወቅለት ሰው ነው። በትልቁ የውኃ ታንከር ውስጥ የሞተው እሱ ነው። ምስጋናዬን በአደባባይ የማቀርበው፣ ያንን የመሰለ ውለታ በጓዳ አመስግኖ ማለፍ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

አንደኛ፤ መሣሪያዋን ለመምረጥ ስላሳዩት ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ላስረዳ፤ ዳይ ግራይንደር ማለት በአንድ እጅ የምትጨበጥ፣ ጫፏ ላይ የታሰረውን ባለ ጥርስ ብረት በከፍተኛ ፍጥነት እያሾረች ትልቁ ግራይንደር የማይደርስበትን ጥግ የምትፍቅ መሣሪያ ናት። የቀድሞዋ በአየር ቱቦ የምትሠራ ስለነበረች፣ ታንከር ውስጥ በገባን ቁጥር ቱቦው እግራችን ላይ እየተጠመጠመ ያስቸግረን ነበርና በባትሪ የምትሠራ ይገዛልን ብለን የለመንን እኛው ነን፤ ይህን አልክድም። ወንድሜ የጨመረው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ማስነሻዋ እንደ ብስክሌት ፍሬን ተጨብጦ የሚያዝ፣ እጅ ሲላላ የሚያጠፋት እንዲሆን፤ ፍጥነቷም እንደ ሥራው የሚጨመርና የሚቀነስ እንዲሆን። ለጥልቅ ጥግ የሚታሰረው ረጅም ዘንግ በሙሉ ፍጥነት ከሾረ ይርገበገባል፣ ይጎብጣልና።

እርስዎም በስብሰባው ላይ ናሙናዋን ብድግ አድርገው፣ ማስነሻዋን በአውራ ጣትዎ ወደ ፊት ገፍተው፣ ቀጭ ብላ ስትቆለፍ ጣትዎን አንስተው «አያችሁ? ጣት እንኳ አታደክምም!» አሉን። ወንድሜ ተነሥቶ «ጌታዬ፣ እኔ የምፈልገው ስለቃት የምትለቀኝን ነው» ቢልዎ፣ «ስለ መሣሪያ ነው የምታወራው ወይስ ስለ ሚስት?» ብለው መለሱለት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ክቡር ሆይ፣ ቀልድዎ በእውነት የሚያስቅ ነበር፤ ከሁላችን አብልጦ የሳቀው ራሱ ነው። ቤት ገብቶ ለባለቤቱ ሲነግራትም እንባው እስኪወርድ ስቋል። መሣሪያዋ ከመጣች በኋላም ቢሆን ቅር ያለው አይመስልም ነበር፤ ቱቦ ሳይጎትት እንደ ልቡ መዞሩ አስደስቶት «ይቺስ ከእጅ ትሻላለች» እያለ ያሞግሳት እንደ ነበር ለእርስዎ መጽናኛ ይሆን ዘንድ እመሰክራለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ባትሪዋ ጥንካሬ። «ቀኑን ሙሉ ብትሠራ አትደክምም» ብለው ቃል ገብተውልን ነበር። ቃልዎን ጠብቀዋል፤ እንዴት እንደ ጠበቁ ልንገርዎ።

ያን ዕለት እሱ ታንከሩ ውስጥ ነበር፤ እኔ መግቢያው ቀዳዳ ላይ ተቀምጬ አየር የሚነፋለትን ማራገቢያና የመብራቱን ገመድ እጠብቅ ነበር። ከውጭ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው የሚያየው ነገር የለም፤ የሚጠብቀው በጆሮው ነው። ግራይንደር ብረት ሲነክስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲለቅ ይቀጥናል፤ ሠሪው ሲተነፍስ አብሮት ይተነፍሳል። ወንድሜ ደግሞ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ሲሠራ የሚያንጎራጉር ይመስል ነበር፤ ወፈር፣ ቀጠን፣ ወፈር ያደርገዋል። ከድጋፍ ብረቱ ኋላ ያለችው ጥግ አልደረስ ብላው ረጅሙን ዘንግ አቀብዬው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ቀጠነ፤ ቀጥኖም ቀረ። አልወፈረም። አንድ ወጥ፣ ቀጭን፣ ሰው የሌለበት ድምፅ ሆነ።

«ጋሼ!» ብዬ ተጣራሁ። ሌላ ጊዜ ግድግዳውን በቡጢ መታ አድርጎ ነበር የሚመልስልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ አረፍ በል!» አልኩ። ድምፁ እንደዚያው ቀጠለ።

ስገባ ዘንጉ ጎብጦ ነበር። ጎብጦ ጭኑን፣ ትልቁ የደም ሥር የሚያልፍበትን ቦታ መትቶት፣ መሣሪያዋ ከእጁ አምልጣ ወለሉ ላይ ወድቃ ነበር። ማስነሻዋ ግን ያሳዩን ዕለት እንደ ተቆለፈው ተቆልፏል። በጎበጠው ዘንጓ ብረቱን እየደበደበች፣ ራሷን እያንከባለለች፣ በእሱና በእኔ መሐል ትዞር ነበር። ወደ ግራ ስል ወደ ግራ መጣች፤ ወደ ቀኝ ስል ተከተለችኝ። ክቡር ሆይ፣ መሣሪያ እንደማያይ አውቃለሁ፤ እኔ የምነግርዎ የሆነውን ነው። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ጭኑን በሁለት እጁ ጨብጦ ያየኝ ነበር። «ወደኔ አትምጪ፤ መጀመሪያ እሷን አጥፊልኝ» አለኝ። የቆዳ ሽርጤን አውልቄ ጣልኩባት፤ ሽርጡን ጠቅልላ ያዘችው፤ በጉልበቴ ተጭኜ ባትሪዋን ነቀልኩ። ጸጥ አለ። እዚያ ታንከር ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ዘወር ስል እጆቹ ከጭኑ ላይ ወርደው ነበር።

ባትሪዋ ገና ብዙ ኃይል ነበራት። ስለዚህ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባል፣ ከቀብሩ በኋላ ወዲያው አጣሪ ኮሚቴ ስላቋቋሙልን እጅ እነሣለሁ። የኮሚቴው አባላት ታንከሩን ከውጭ ዞረው ከተመለከቱ በኋላ «ሟች ረጅም ዘንግ በሙሉ ፍጥነት በመጠቀሙ የጥንቃቄ ጉድለት ፈጽሟል» ብለው በጨዋ አነጋገር ገልጸውልናል። እውነታቸውን ነው፤ በሙሉ ፍጥነት ተጠቅሟል። የሰጡት መሣሪያ ሌላ ፍጥነት የላትም።

አራተኛ፤ ይህንን ቅሬታ ብለው እንዳይመዘግቡት እለምናለሁ፤ እንዲያው ለመረጃ ያህል ነው። የወንድሜ ባለቤት፣ እትዬ፣ ማቀዝቀዣዋን ከነቀለችው ሰንብታለች። ስጋው ይበላሻል፣ ወተቱ ይረጋል፣ ምን ሆንሽ ብላት «አንድ ወጥ ድምፅ አልችልም፤ ሰው ያለበት አይመስለኝም» አለችኝ። ጋሼ እንዴት እንደ ሞተ ነግሬያት ነበር፤ ስለ ድምፁ ግን አንድም ቃል አልነገርኳትም።

ታንከሩ ሳያልቅ መቅረት ስላልነበረበት የቀረችውን ጥግ ማን ይጨርሳት ሲባል እኔ አልኩ። በግራይንደር አልነካትም ብዬ ሞረድ ይዤ ገባሁ። ብዙ የሚያደክም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሞረድ እጅ ሲያርፍ ያርፋል። ስፌቱ እስከ አንድ ቦታ ድረስ እንደ ሐር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሻካራ ነው። የቆመበት ቦታ በጣት ይታወቃል። ከዚያ ጀመርኩ። ብርዱ፣ የራሴ ትንፋሽ፣ የሞረዱ መፋተግ። ጥቂት ሠርቼ እጄን ላሳርፍ ብዬ ቆምኩ፤ እጄ ቢቆምም አንድ ድምፅ አልቆመም። ወፈር፣ ቀጠን፣ ወፈር ይል ነበር። ብዙም አልፈራሁም፤ ድካም ነው፣ ሐዘን ነው አልኩ። ያን ጊዜ ከውጭ የሚጠብቀኝ ባልደረባዬ፣ ነገር የማያበዛው ቀለም ቀቢያችን፣ አንገቱን በቀዳዳው አስግጎ ጮኸብኝ።

«ግራይንደሩን ማነው የሰጠሽ? አልነካም አላልሽም?»

ሞረዱን ከፍ አድርጌ በመብራቱ አሳየሁት። ሞረዱን አየ። ከዚያም ራሱን ከቀዳዳው አወጣና ሥራውን እስክጨርስ ድረስ አንድ ጊዜም ስሜን አልጠራም፤ እኔም ብቻዬን እንዳልሆንኩ ሆኖ እየተሰማኝ ጨረስኩት። ይህ በማናቸውም የግዥ መመሪያ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምንም አልጠይቅበትም።

ሌላም ምስጋና ነበረኝ፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ እንጂ። ሁለተኛው ታንከር እንዲጀመር ትእዛዝ ሲሰጡ፣ በወንድሜ ቦታ ለሚተካው ሰው ጭምር ከዚያችው ዓይነት ግራይንደር ለሁላችንም በየግላችን አድለዋል። ሣጥኖቹ ውብ ናቸው። ከወርክሾፑ በር አጠገብ ደርድረናቸዋል፤ ማንም አልከፈታቸውም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ስትጠርግ ዙሪያቸውን ነው የምትጠርገው። አለቃችን «እምቢ ካላችሁ ደመወዝ ይቆረጣል ብለዋል፤ ምን ብዬ ልመልስላቸው?» ሲለን፣ ቀለም ቀቢው ተነሣና «እኔ ሰምቻለሁ፤ ይቁረጡት» አለ። ምን እንደ ሰማ ማንም አልጠየቀውም። ተራ በተራ ሁላችንም ይቆረጥ አልን፤ አለቃችንም መጨረሻ ላይ የራሱን ሣጥን አምጥቶ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠው።

እንግዲህ ትሕትናዬን ሳልቀንስ የምለምንዎ ይህን ነው፦ እነዚህን ይመልሱልንና ሲጨበጡ የሚሠሩ፣ ሲለቀቁ የሚቆሙ፣ ፍጥነታቸው የሚታዘዝ ይግዙልን። እነዚያ የመጡ ቀን ሁለተኛው ታንከር ውስጥ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። እስከዚያው ግን ማንም አይገባም። ጥንቃቄ የጎደለን እንዳንባል ነው።

ቀልድ ለማያልቅበት አንደበትዎ፣ ደክሞ ለማያውቀው አውራ ጣትዎ፣ ድምፅ ለማያልፈው መስኮትዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

የሐር እጁ ታናሽ እህት፣
በብረታ ብረት ክፍል በያጅ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ወንድሜ የሞተበት ታንከር በሚገባ ታጥቦ ውኃ ተሞልቶ ሥራ መጀመሩን ሲያበስሩ በዚያ አልነበርኩምና እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት ዘገየሁ። እኛ የታችኛው ሰፈር ሰዎች የምንጠጣው ከሌላ ነው፤ የእርስዎ ሰፈር ግን ከእሱ እንደሚጠጣ ሰማሁ። የነገረኝ ቤትዎ ድረስ የተጠራው ቧንቧ ሠራተኛችን ነው። ክብርት ባለቤትዎ ሁለት ጊዜ አስጠርተውት፣ የጓዳው ቧንቧ ሲከፈት አንድ ድምፅ እንዳለው፣ ወፈር ቀጠን እያለ እንደሚያንጎራጉር ነግረውታል። ፈትቶ አየው፤ ምንም አላገኘም። አየር ነው ብሏቸዋል። አየር ይሆናል።