ከቀይ ካስማው ወዲያ

ቪላይ ወንድሜ፣

ከሌላ ሰው ከምትሰማው ራሴ ልንገርህ። ትናንት ሲየንኩዋንግ አውራጃ፣ ከአንድ የሩዝ ማሳ ዳር፣ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄድኩ ለአለቃዬ በስልክ ጉራዬን እነዛለሁ፦ «አሥራ አንድ ዓመት ስለ ፈንጂ አስተምሬ፣ እዚህ መንደር ከቀይ ካስማው አልፎ ያልጸዳ መሬት የሚረግጥ የለም!»

«መምህር፣ እዚያው ይቁሙ!» አለች ፔትሳማይ፣ ማሳውን ከፈንጂ የምታጸዳው ልጅ።

ካስማውን አልፌ አሥር እርምጃ ገብቻለሁ። እኛ አገር ሜኮንግ ወንዝ ዳር እንዲህ ወደ ኋላ ብሄድ፣ የዓሣ ነጋዴ ሳፋ ውስጥ ዘጭ ብዬ ነገሩ በሳቅ ያበቃ ነበር።

ፔትሳማይ በመሣሪያዋ መሬቱን ስንዝር በስንዝር እየፈተሸች ስትመጣ፣ የማሳው ባለቤት አሮጊት ከዳር ሆነው፣ «መምህር፣ ‹ከገባችሁ ቆማችሁ ጩኹ› ብለውን አልነበር? ምነው ጩኸቱን ረሱት?» አሉኝ። አብረዋቸው የቆሙት የመንደሩ ሴቶች ሳቁ።

ፔትሳማይ ከግራ ተረከዜ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት አፈሩን በእጇ ጠረገች። ብርቱካን የሚያህል ቦምብ ብቅ አለ። ሳቁ ቀጥ አለ።

«በየት በኩል ነው የገቡት?» አለችኝ።

«አላየሁም» አልኳት።

ዞራ ሌላ መንገድ እስክትከፍትልኝ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ዛሬ ትምህርቱን የሰጠችው እሷ ናት፤ እኔ ምሳሌ ሆኜ ከፊት ተገተርኩ።

ይህን ፖስት ካርድ ለእህታችን እንዳታሳያት። ቦታ አለቀብኝ፤ ሁለቱም እግሮቼ ሰላም ብለውሃል።

ካምፋን